ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ፦ በሩ አንድ፣ ቆጣሪው የየብቻ

አክስቴ አሜሪካ በገባች በሦስተኛው ወር ሮክቪል ሥራ አገኘች። ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ፣ ማታውኑ የባቡር ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ጣቢያዎቹን ቆጠረች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኬንሲንግተን፣ ጋሬት ፓርክ፣ ሮክቪል። "ሦስተኛው ላይ መውረድ ነው፤ ምን ችግር አለው" አለችና ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት በፈረንጅ 6፡30፣ በኛ 12፡30 ላይ ፕላትፎርሙ ላይ ቆማለች። ባቡር መጣ። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ነው። ሌላ መጣ። እሱም ወደ ዋሽንግተን። በእሷ አቅጣጫ ያለፈው ረጅም የጭነት ባቡር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይቆምም። አንድ ሰዓት ሊሞላት ሲል ደወለችልኝ። "ልጄ፣ የኔ ባቡር ዛሬ ቀረ መሰለኝ።"

አልቀረም። ጠዋት በዚያ አቅጣጫ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ከመጀመሪያውም የለም። ካርታው መስመሩን ያሳያል፣ ባቡሩ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። አክስቴ በመጀመሪያ የሥራ ቀኗ አረፈደች። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የኛ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ባቡሩንም ሆነ ባሱን የሚይዘው እዚሁ ጣቢያ ነው። አሠራሩን ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው የለም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ይህ ቦታ አንድ ጣቢያ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ የሚኖርበትን ግቢ አስቡት። የግቢው በር የጋራ ነው። ጓዳው ግን የየራስ ነው፣ ቆጣሪውም የየብቻ። አንዱ ተከራይ በሩን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሌላኛው ላያውቅ ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግም እንደዚያ ነው።

ቀዩ የሜትሮ ባቡርና ሜትሮባስ የሚባሉት አውቶቡሶች የአንድ መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ1967 ተስማምተው ያቋቋሙት የጋራ ተቋም ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች አንዷን ካልሆነ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ራይድ ኦን የሚባሉት አውቶቡሶች ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት አውራጃ ማለት ነው) ናቸው፣ ከ1975 ጀምሮ ይሠራሉ። አክስቴ የጠበቀችው ማርክ የተባለው ባቡር የሜሪላንድ ስቴት ነው። የሚሄድበት ሐዲድ ግን የስቴቱ አይደለም፤ ሲኤስኤክስ የተባለ የጭነት ባቡር ኩባንያ ነው ባለቤቱ። አውቶቡሶቹ የሚቆሙበትን ትልቁን ሕንጻ የሠራው ካውንቲው ነው፣ የሚያስተዳድረው ግን ሜትሮ ነው። ከላይ እየተሠራ ያለው ፐርፕል ላይን የተባለው አዲስ ባቡር ደግሞ እንደገና የስቴቱ ነው።

ይህን ካወቃችሁ አብዛኛው ግራ መጋባት ይቀላል። ቅሬታ ካላችሁ ለማን እንደምትደውሉ፣ የትኛው ካርድ የት እንደሚሠራ፣ የትኛው ቅዳሜና እሁድ እንደማይሠራ፣ ሁሉም ከባለቤቱ ነው የሚመጣው።

ወደ ማርክ ልመለስ። ይህ ባቡር ብራንስዊክ ላይን ይባላል። ከዌስት ቨርጂኒያዋ ማርቲንስበርግ ተነስቶ፣ አንድ ቅርንጫፉ ደግሞ ከፍሬድሪክ፣ ከዚያ በጀርመንታውን፣ በጌይተርስበርግ፣ በሮክቪልና በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በናፍጣ ሞተር የሚጎተት ትልቅ ባቡር ነው፤ የሜትሮ ታናሽ ወንድም አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ኮሚዩተር ባቡር የሚባለው ዓይነት ነው። ሥራው አንድ ነው፦ ከከተማ ዳር የሚኖረውን ሠራተኛ ጠዋት ወደ ከተማ ማስገባት፣ ማታ ወደ ቤቱ መመለስ። ስለዚህ ጠዋት ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቀኑን ዋሽንግተን ቆመው ይውላሉ። ከሰዓት በኋላና ማታ ሁሉም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ቅዳሜና እሁድ ይህ መስመር አይሠራም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ሐዲዱ ነው። ሁለት ሐዲድ ነው ያለው፤ ቀንም ሌሊትም የጭነት ባቡር ይሄድበታል። የመንገደኛው ባቡር በተስማማበት ሰዓት ተከራይቶ ነው የሚያልፈው። በሁለቱም አቅጣጫ ቀኑን ሙሉ ባቡር ለማስኬድ ሦስተኛ ሐዲድ ይጨመር የሚለው ክርክር ለዓመታት የቆየ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ማን ይሳፈራል ተብሎ እንደታሰበ ነው። ሰዓቱ የወጣው ጠዋት ዋሽንግተን ቢሮ ለሚገባና በፈረንጅ 5 ሰዓት ለሚወጣ ሰው ነው። አክስቴ ተቃራኒዋ ናት። ከከተማው ጠርዝ ተነስታ ወደ ውጭ ነው የምትሄደው። ማታ ስትመለስ ደግሞ ባቡሩ እሷ ከምትመጣበት ወደዚያው እየሄደ ነው፤ በመንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሆቴል የሚያጸዱ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ፣ ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች፣ ከኛ ማኅበረሰብ ብዙው ማለት ነው፣ ጉዟቸው እንደዚህ የተገለበጠ ነው። ሐዲዱ እያለ፣ ጣቢያው እያለ፣ ሦስት ፌርማታ ብቻ ሆኖ ሳለ ለእነሱ የሚሆን ባቡር አለመኖሩ እኔን ያሳዝነኛል።

"ታዲያ ሜትሮ አለ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሮክቪልም የሜትሮ ጣቢያ አለው፣ ያውም ያው ቀዩ መስመር ላይ፣ ባቡር መቀየር እንኳን አያስፈልግም። ችግሩ የመስመሩ ቅርጽ ነው። ቀዩ መስመር እንደ ፈረስ ጫማ ነው። አንዱ ጫፍ ግሌንሞንት፣ ሌላው ጫፍ ሼዲ ግሮቭ፣ ሆዱ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንደኛው እግር ላይ፣ ሮክቪል ሌላኛው እግር ላይ ናቸው። በማርክ በመካከላቸው ሁለት ጣቢያ ብቻ አለ። በሜትሮ ቆጠርኩት፦ 21። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን እያላችሁ ዋሽንግተንን በሙሉ ወርዳችሁ፣ ዩኒየን ስቴሽንን፣ ሜትሮ ሴንተርን፣ ዱፖንትን አልፋችሁ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጥታችሁ ነው ሮክቪል የምትደርሱት። ጎረቤት ቡና ለመጠጣት ከተማውን ዞሮ እንደመምጣት ነው።

ይህ የአንድ ሰው ስህተት አይደለም። ሜትሮ የተሠራው መሀል ከተማውን ከዳርቻ ጋር ለማገናኘት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ በ1978 ሲከፈት የመስመሩ መጨረሻ ነበር። ወደ ዊተን የተቀጠለው በ1990 ነው፣ ግሌንሞንት የደረሰው በ1998። ሁሉም መስመር ወደ መሀል ነው የሚሄደው። ዳር ከዳር የሚያገናኘው አውቶቡስ ነው። ለዚህ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያን ያህል አውቶቡስ የተከማቸው።

ቦታውን አንድ ጊዜ በእግር ስትዞሩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኮልስቪል መንገድ ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ሐዲዱ ከላይ በድልድይ ያልፋል። የሜትሮው መግቢያ ታች ነው፣ በአሳንሰር ወይም በተንቀሳቃሽ ደረጃ ትወጣላችሁ። ላይ ስትደርሱ የሜትሮው ፕላትፎርም መሀል ላይ ነው። ከግራና ከቀኙ ደግሞ፣ ከሜትሮው ሐዲድ ማዶ፣ የጭነት ባቡሩ ሐዲዶች አሉ። የማርክ ፕላትፎርሞችም ውጭ ውጭውን በሁለቱም በኩል ናቸው። ማለትም ሜትሮው በማርኩ ሐዲዶች መሀል ነው የሚሄደው። አንዱ ላይ ሆናችሁ ሌላኛውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ መሻገር ግን አትችሉም፤ መሀል አጥር አለ። ለመቀየር ከአንዱ ወጥታችሁ፣ ወርዳችሁ ወይም በእግረኛ ድልድዩ ዞራችሁ ነው ሌላው ጋ የምትደርሱት። ማርክ ከመምጣቱ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሜትሮ ፕላትፎርም ላይ ከሆናችሁ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚያመልጣችሁ።

አውቶቡሶቹ ከጎን ባለው ሕንጻ ነው የሚቆሙት። በቀድሞው የሜሪላንድ ሴናተር ስም ፖል ሳርቤንስ ትራንዚት ሴንተር ይባላል። ሦስት ደረጃ ነው። ታችኛውና መካከለኛው የአውቶቡስ ሲሆኑ፣ ላይኛው ታክሲና ሰው የሚያደርሱ ወይም የሚቀበሉ መኪኖች የሚቆሙበት ነው። ከ30 በላይ የአውቶቡስ መቆሚያ አለ። እዚህ ቤይ ነው የሚባለው። እያንዳንዱ ቤይ ቁጥር አለው፤ በ1 ከጀመረ አንደኛው ደረጃ ላይ ነው፣ በ2 ከጀመረ ሁለተኛው። ይህን እናቴ ስትመጣ ነው የነገርኳት። ከዚያ በኋላ ጠፍታ አታውቅም። አዲስ ሰው ጋር ስትሆኑ "የባሱን ቁጥር ያዝ" ብቻ አትበሉት። "የባሱን ቁጥርና የቤዩን ቁጥር ያዝ" በሉት። አውቶቡሶቹ እንደ ሚኒባስ ተራ ረዳቱ እየጮኸ አይጠራችሁም፤ የራሱን ቤይ ካላወቃችሁ ባሱ ከጀርባችሁ መጥቶ ይሄዳል።

የባስ ቁጥር ነገር ካነሳሁ፣ ጁን 29፣ 2025 ሜትሮባስ የመስመሮቹን ስም በሙሉ ቀይሯል። ለዓመታት "ሰባውን ያዝ"፣ "ኤስ ቱን ያዝ" ስንባባል የኖርነው አሁን የለም። በጆርጂያ አቬኑ የሚወርደው የድሮው 70 አሁን ዲ40 ነው። በ16ኛው መንገድ የሚሄደው ኤስ2 ዲ60 ሆኗል። ፊደሉ አካባቢውን ያመለክታል፤ ዲ የዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ኤም የሞንትጎመሪ፣ ፒ የፕሪንስ ጆርጅስ፣ ሲ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጡት። አሁንም ሰው አፍ ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ነውና፣ አዲስ መጪን ስትመሩ በድሮ ስም እንዳትልኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር ላይ ደረስኩ። "ከባቡር ወርጄ ስሮጥ ሾፌሩ እያየኝ ሄደ።" እኔም ደርሶብኛል። ዝናብ እየዘነበ፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣ በሩ ተዘግቶ ባሱ ተንቀሳቀሰ። ቀጣዩ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነበር። ተናድጄ ነው የዋልኩት። ግን ለምን እንደሆነ ሳጣራ ነገሩ ከሾፌሩ ፀባይ በላይ መሆኑ ገባኝ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሜትሮ በየ6 ደቂቃው ይመጣል እንበል፣ የናንተ ባስ ደግሞ በየ30 ደቂቃው። ጠዋት ከባስ ወደ ሜትሮ ስትቀይሩ፣ ባሱ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይደለም። ቢበዛ 6 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ማታ ከሜትሮ ወደ ባስ ስትቀይሩ ግን ሜትሮው ሁለት ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ባሱ ካመለጣችሁ 28 ደቂቃ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። መዘግየቱ እኩል ነው፣ ቅጣቱ ግን እኩል አይደለም። "ማታ ስመለስ መንገዱ ይረዝምብኛል" የሚል ሰው ድካሙ ብቻ አይደለም፤ እውነትም ይረዝማል። መፍትሔው ቀላል ነው ባልልም፣ ጠዋት እንደፈለጋችሁ ውጡ፣ ማታ ግን ከባሱ ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ከሚበቃችሁ ሜትሮ አንድ ቀድሞ ያለውን ያዙ። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ቤይ ላይ አምስት ደቂቃ ቆሜ ስልኬን አያለሁ እንጂ 30 ደቂቃ በብርድ አልቆምም።

ሾፌሩ ለምን አይጠብቅም? ሜትሮው በየጥቂት ደቂቃው ሰው ያራግፋል። ለዚህኛው ልጠብቅ ቢል ሌላው ይመጣል፣ ለዚያኛውም ልጠብቅ ቢል ሌላ። መነሻው ላይ ሦስት ደቂቃ የቆመ ባስ ደግሞ መንገድ ላይ ባሉት ፌርማታዎች ሁሉ ሦስት ደቂቃ ይዘገያል፣ በበረዶ ላይ ልጅ ይዛ የቆመችውም ሴት ሦስት ደቂቃ ትጨምራለች። እናንተ አታይዋትም እንጂ አለች። በተቃራኒው ደግሞ በሩን ዘግቶ ባዶውን የቆመ ባስ ታያላችሁ፣ "ምነው አያስገባንም?" ትላላችሁ። ያ የሾፌሩ ዕረፍትና የሰዓት ማካካሻ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ትራፊክ ይዞት አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ቢመጣ፣ ያ የተያዘለት ጊዜ መዘግየቱን ይውጥና ቀጣዩ ጉዞ በሰዓቱ ይነሳል። ያ ጊዜ ባይኖር የጠዋቱ መዘግየት እየተንከባለለ እስከ ማታ ይሄድ ነበር።

የዋጋው ነገር ቀላል ሆኗል። ራይድ ኦን ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ነፃ ነው። ካርድም ሳንቲምም አይጠይቃችሁም፣ መግባት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በኮልስቪል መንገድ ወደ በርተንስቪልና ብሪግስ ቼኒ የሚወጣው ፍላሽ የተባለው ፈጣን ባስም፣ በ2020 የተጀመረው ማለት ነው፣ የራይድ ኦን ስለሆነ ነፃ ነው። ሜትሮባስ 2.25 ዶላር ነው፣ ስትገቡ አንዴ ካርዱን ማሽኑ ላይ ታፕ (ነካ) ማድረግ። የሜትሮ ባቡር እንደ ርቀቱ ነው፣ ስለዚህ ስትገቡም ስትወጡም ታፕ ታደርጋላችሁ። ከሜትሮ ባቡር ወርዳችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሜትሮባስ ብትይዙ የባሱን አትከፍሉም፤ ግን በዚያው በአንዱ የክፍያ ካርድ (የሜትሮው ስማርትሪፕ ይባላል) መሆን አለበት። ባልና ሚስት አንድ ካርድ እየተቀባበሉ ሲጠቀሙ አይቻለሁ፤ አይሠራም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። 65 ዓመት የሞላቸው ወላጆች ካሏችሁ የአረጋውያን ስማርትሪፕ አውጡላቸው፣ ግማሽ ዋጋ ነው የሚከፍሉት።

ማርክ ግን ሌላ ጓዳ ነው። ስማርትሪፕ ካርዱን እዚያ አይቀበሉም። ትኬቱን ከማሽን ወይም ቻርምፓስ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ትገዛላችሁ፣ ባቡሩ ውስጥ ተቆጣጣሪ ያያል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዩኒየን ስቴሽን ለመሄድ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ሜትሮው በመካከል አምስት ጣቢያ ይቆማል፣ ማርኩ በቀጥታ ይገባል። ማርኩ ካመለጣችሁ ግን ሌላ ለማግኘት ብዙ ትቆማላችሁ፣ ሜትሮው ወዲያው ይመጣል። ለዚያ ጉዞ እኔ ሜትሮን ነው የምመርጠው።

የሰዓት ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። አዲስ የመጡ ሰዎችን፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ ከምንም በላይ የሚያሳስታቸው ይሄ ነው። የጊዜ ሰሌዳው ላይ 7፡15 ሲል ለኛ 1፡15 ነው። ሁላችንም ስንነጋገር በኛ ሰዓት ነው የምንነጋገረው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን በፈረንጅ ነው። እናቴን "በአንድ ሰዓት ከሩብ ባሱ ይመጣል" ብያት ወረቀቱ ላይ 1፡15 ፈልጋ አገኘች፣ እሱ የቀን ባስ ነው። አሁን ለሰው ስነግር "ጠዋት፣ ሰሌዳው ላይ ሰባት የሚለው" እላለሁ።

ይህ የአውቶቡስ ሕንጻ ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ሥራው በ2008 ተጀመረ። በ2011 ያልቃል ተባለ። ከዚያ ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ። አሠራሩን ለመረዳት የጠፍር አልጋ አስቡ። ጠፍሩ ካልተወጠረ አልጋው ይረግባል፣ ሲወጠር ነው ሰው የሚሸከመው። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወለሉ ውስጥ የብረት ገመዶች ይቀበራሉ፣ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ በኃይል ይወጠራሉ፣ ወለሉን ከዳርና ዳር ጨምቀው ይይዙታል። አንድ ባዶ አውቶቡስ ከ12 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ይታጠፋል፣ ፍሬን ይይዛል። እና በ2013 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ያገኘው ምን ነበር? 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን የነበረበት ወለል አንዳንድ ቦታ ቀጥኗል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ወፍሯል። አንዳንዱ ገመድ ከሚገባው በላይ ለወለሉ ገጽ ቀርቧል። ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ የሜሪላንድን የበረዶ ወራት ያየ ይገባዋል። መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨዋማው ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ብረቱን ያዝጋል። የዛገ ጠፍር ደግሞ አንድ ቀን ይበጠሳል።

ስለዚህ ተዘግቶ ቆየ። ተጨማሪ የኮንክሪት ንብርብር ለበሰ፣ ማጠናከሪያ ተሠራለት። በእነዚያ ዓመታት አውቶቡሶቹ በአካባቢው መንገዶች ላይ ተበትነው ነበር የሚቆሙት፣ ሰው ከባቡር ወርዶ ባሱን ለማግኘት ብሎክ ይዞር ነበር። የተጠናቀቀ የሚመስል ግዙፍ ሕንጻ አጠገባችን በአጥር ተከቦ፣ እኛ በረዶ ላይ ቆመን። የተከፈተው እሁድ ሴፕቴምበር 20፣ 2015 ነው። በኛ መስከረም 9 ቀን 2008 ማለት ነው። በዚያችው እሁድ አዲስ አበባ ቀላል ባቡሩን አስመረቀች። ያን ዕለት ከዘመዶቻችን ጋር ስልክ ላይ ስናወራ እነሱ ስለ ባቡሩ፣ እኛ ስለ ባስ ጣቢያው ነበር የምናወራው።

የቀላል ባቡር ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አሁን ከጣቢያው በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው አዲስ ሐዲድም ቀላል ባቡር ነው፤ ፐርፕል ላይን። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 21 ጣቢያ። ቅድም የነገርኳችሁን የፈረስ ጫማ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝ ድልድይ አድርጋችሁ እዩት። ዛሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተስዳ በሜትሮ ለመሄድ በመካከል 16 ጣቢያ አለ፣ ወይ ድሮ ጄ2 የምንለውን ዓይነት ባስ ይዞ ኢስት ዌስት ሃይዌይ ላይ ከትራፊክ ጋር መታገል ነው። ፐርፕል ላይን ዋሽንግተን ሳይገባ በቀጥታ ይሻገራል። ኮሌጅ ፓርክም ኒው ካሮልተንም ላይ ሌሎቹን የማርክ መስመሮች ያገኛል። ግንባታው በ2017 ተጀመረ፣ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ወጣ፣ በ2022 ሙሉ ሥራው በሌላ ተቋራጭ ቀጠለ። አሁን የተያዘለት ቀጠሮ የ2027 መጨረሻ ወይም የ2028 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት ነው። እስከዚያ ቦኒፋንት መንገድ ላይ ያሉት ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች መንገዱ ሲቆፈርና ሲዘጋ ከርመዋል። ባቡሩን እየጠበቃችሁ ምሳችሁን እዚያ ብሉ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አውቶቡስ ከቀረባችሁ ወይም ስለ ራይድ ኦን የምትጠይቁት ካለ፣ ካውንቲው ውስጥ ሆናችሁ 311 መደወል ነው። እንግሊዝኛ ካልቀናችሁ "አምሃሪክ" በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። የሜትሮ ጉዳይ ለሜትሮ፣ የማርክ ጉዳይ ለስቴቱ። ለካውንቲው ስለ ማርክ ብትነግሩት በትሕትና አዳምጦ ሌላ ስልክ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ።

አክስቴ ጋ ልመለስ። ያን ቀን ከሥራ መልስ አብረን ቁጭ ብለን መንገዱን ከእንደገና አየነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ከተማው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ግሌንሞንት በሚሄደው ሜትሮ ትሄዳለች። ፎረስት ግሌን፣ ከዚያ ዊተን፣ እዚያ ትወርዳለች። የዊተን ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ርዝመት አለው፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው ይባላል፤ መጀመሪያ ቀን እጄን አጥብቃ ይዛ ነው የወጣችው፣ አሁን ቆማ ዳዊቷን ትደግምበታለች። ከዊተን በቪርስ ሚል መንገድ ወደ ሮክቪል የሚሄድ ባስ አለ፣ ዋሽንግተንን ሳያዞራት ያደርሳታል። ሁለት ጣቢያና አንድ ባስ። 21ዱን ትታዋለች።

ጠዋት ጠዋት ሜትሮዋን ስትጠብቅ ማርኩ ከአጥሩ ማዶ ይመጣል። ቦርሳ የያዙ ሰዎች ይወርዳሉ፣ የቀሩት መስኮቱ ጋ ተደግፈው እንዳንቀላፉ ወደ ዋሽንግተን ያልፋሉ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸው በተቃራኒው በኩል ትቆማለች። ወደ ግሌንሞንት የሚሄደው ሜትሮ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው፣ ሁልጊዜ ወንበር ታገኛለች።